በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ስም

ነቀምቴ ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚያስወርደው መንገድ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ኦቦ በርናባስ በሁለት ነገር ይታወቃሉ። ሰው ሲናገር አያቋርጡም፤ የጠየቋቸውንም ዕቃ «የለም» ብለው ማንንም አይመልሱም። የወፍጮ ቀበቶ የተበጠሰበት ከቢላ፣ ባጃጅ የቆመችበት ከጉቶ ጊዳ፣ የውሃ ፓምፕ የተበላሸበት ከዲጋ ወደ እሳቸው ይመጣል። እሳቸውም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ችግሩን እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «እግዚአብሔር መፍትሔ አለው፤ እስቲ እንይ» ይሉና ወደ ጓዳ ይገባሉ።

ነገራችን የሚጀምረው ከዚያች ጓዳ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ወርቂቱ የምትባል ሴት ወደ ሱቁ ገባች። ከዲጋ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ በርናባስ?»

«ነጋ፣ ገለተ ዋቃ፣ ፈጣሪ ይመስገን! አንቺስ አዴ ወርቂቱ፣ ልጅሽ ሊሊሴስ?»

«እሷማ ትማራለች፤ ዘንድሮ እንግሊዝኛ ስትናገር ቤቱን አውሮፓ አድርጋዋለች። የታመመችው ፓምፓችን ናት። ዘይቷ ያለቅሳል። መካኒካችን ጫንያለው የዘንጓን ኦይል ሲል ቀይሩ አለን።»

ኦይል ሲል ማለት የሚሽከረከር ዘንግ ላይ የሚገባ የጎማ ቀለበት ነው። ዘይቱ ከውስጥ እንዳይወጣ፣ ጭቃና ውሃው ከውጭ እንዳይገባ ያግዳል። ትንሽ ነገር ነው፤ ያለ እሱ ግን ትልቁም ሞተር ይቆማል።

«ታዲያ አደራዎን፣ ኦርጅናሉን ይስጡኝ» አለች ወርቂቱ። «የዚህ አገር ሥራ እንዳይሆን! ያለነው በክረምት አፍ ላይ ነው።»

ኦቦ በርናባስ ወደ ጓዳ ገቡ። መደርደሪያው ላይ በካርቶን የተሞሉ አዲስ ጥቁር ቀለበቶች ነበሩ። አንዱን አነሡ። ፊቱ ላይ ከጎማው ጋር አብሮ የወጣ ጽሑፍ አለ፤ «ሞሲሳ፣ ነቀምቴ፤ ስሙ ወደ ውጭ» ይላል። ከኪሳቸው ብርጭቆ ወረቀት አወጡና ጽሑፉን ፈገፈጉት። ጥቁር ዱቄቱ ሱሪያቸው ላይ ረገፈ። ፊቱ ልሙጥ ሲሆን በጨርቅ ወልውለው የባሕር ማዶ ጽሑፍ ያለበት የሚያብረቀርቅ ከረጢት ውስጥ ከተቱት።

«ይኸው፤ ከውጭ የመጣ ነው» አሏት።

ወርቂቱ ከረጢቱን አገላብጣ አየችው። «ኦርጅናልማ ሲያዩትም ያስታውቃል!» ብላ በደስታ ወደ ዲጋ ሄደች። ቀለበቱ የመጣው ግን ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ባጃጅ በአንድ ትንፋሽ ከሚደርስበት ሰፈር ነበር።

ወገኖቼ፣ ኦቦ በርናባስን ለመኮነን አንቸኩል። ሌባ አልነበሩም። ለሠሪው ዋጋ አላጓደሉም፤ በገዢውም ላይ አልጨመሩም። መጀመሪያ ላይ ቀለበቶቹን ከነስማቸው ፊት ለፊት ደርድረው ነበር። ገዢው ሁሉ ያነሣል፣ ያነባል፣ መልሶ ያስቀምጣል። አንዱ ቀልደኛማ «የቱምቱ ልጅ ደግሞ ጎማ መቀጥቀጥ ጀመረ?» ብሎ ሱቁን በሙሉ አሳቀ። ቱምቱ በአገሩ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። ማረሻውን ከእጁ ይቀበሉታል፤ ማዕድ አብረውት ለመቁረስ ግን ከጥንት ጀምሮ ያቅማማሉ። ዕቃው አቧራ ሲጠጣ ኦቦ በርናባስ አዘኑ። አንድ ቀን አንዱን ፋቁና «የውጭ ነው» አሉ፤ ወዲያው ተሸጠ። «ይህም እርዳታ ነው» አሉ በልባቸው። እርዳታው ልማድ ሆነ።

ሞሲሳ እንግዲህ የዚያ ቱምቱ ልጅ ነው። ኦቦ በርናባስ በልባቸው እንደ እሱ የሚያደንቁት ሰው አልነበረም። ከስምንተኛ ክፍል በላይ ባይዘልቅም ዓይኑ ትምህርቱን አላቋረጠም። አንድ ጊዜ በእርሻ ዳር ፍልፈል ሲቆፍር አይቶ ምሳውን ረስቶ ዋለ አሉ። ፍልፈል የሚቆፍረው በጥርሱ ነው። ጥርሶቹ ከአፉ ውጭ ቀርተው ከንፈሩ ከኋላቸው ይዘጋል፤ አፈሩን እየገመሰ አንዲት ቅንጣት አይውጥም። ሞሲሳ ከዚህች ከናቅናት አውሬ ሁለት ነገር ይዞ ተመለሰ። አንደኛው የጉድጓድ መሰርሰሪያ ነው። የወለጋ መሬት ከላይ የሚለጠፍ ቀይ ጭቃ፣ ከታች ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጭቃው መሰርሰሪያውን ያንቃል፣ ድንጋዩ ያዶለዱማል። የሞሲሳ መሰርሰሪያ ጥርሶቹ ከፊት ወጥተው፣ ከኋላቸው ጭቃውን ወደ ጎን የሚመልስ የብረት ከንፈር አለው፤ የዶለዶመውን ጥርስ ብቻ ነቅሎ መተካት ይቻላል። ሁለተኛው ይኸው የጎማ ቀለበት ነው፤ ከንፈሩ እንደ ፍልፈሉ ወደ ጭቃው ዞሮ የሚዘጋ።

ሦስተኛውን ፈጠራውን የቤተ ክርስቲያናችን ምዕመናን ሁሉ ያውቁታል። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለው የወይራ ዛፍ ነፋስ ሲነካው ቅጠሎቹ ተገልብጠው ነጭ ጀርባቸውን ሲያሳዩ አየ። ከዚያ አንድ ፊታቸው ጥቁር፣ ሌላው ቢጫ በሆነ ትንንሽ ቅጠሎች ማሳያ ሰሌዳ ሠራ። ቅጠሎቹ ሲገለበጡ ቁጥርና ፊደል ይሆናሉ፤ ኤሌክትሪክ የሚፈልጉት ለመገልበጥ ብቻ ነው፤ ከተገለበጡ በኋላ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ይነበባሉ፤ ፀሐይ ሲበረታባቸውማ ይብስ ይደምቃሉ። የመዝሙሩን ቁጥር የሚያሳየን ይኸው ነው። መብራት በጠፋበት እሑድ ሁሉ መዝሙራችን አልጠፋም። ሽማግሌዎቹ ሲያመሰግኑት ሞሲሳ አንገቱን ደፍቶ «እኔ የጻፍኩት የለም፤ እግዚአብሔር የጻፈውን ነው ያነበብኩት» አለ።

ለሦስቱም ሥራዎቹ ፓተንት የሚባለውን የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ከአዲስ አበባ አግኝቷል። መሰርሰሪያው ግን በእውነተኛ ጉድጓድ ላይ ገና አልዋለም። በመጨረሻ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት «የቀበሌው ሕዝብ ከተስማማ በወርቂቱ መንደር ሁለተኛው ጉድጓድ በእሱ ይሞከር» አለ። ሞሲሳ ይህን ቀን ለዓመታት ሲጠብቅ ነበር። መጀመሪያ ሕዝቡ እንዲያምነው ያስፈልግ ነበር።

አዲሱን ቀለበት ለኦቦ በርናባስ ሲያስረክብ እንዲህ ብሏቸው ነበር።

«እንደ በፊቶቹ በየትኛውም ፊት አይገባም። ከሌሎቹ ተገልብጦ ነው የሚገጠመው። ስሜ ያለበት ፊት ወደ ጭቃው።»

«ሰማሁ፣ ልጄ።»

በእርግጥም ጆሯቸው ሰምቶ ነበር። እጃቸው ግን የለመደውን አልረሳም።

«ደግሞ አንድ ነገር ያስጨንቀኛል» አለ ሞሲሳ። «ዕቃዬ ይሸጣል፤ ተመልሶ የሚወቅሰኝ ግን የለም። ‹ሞሲሳ፣ እዚህ ጋ ጎደለህ› ብሎ በሬን ያንኳኳ አንድ ሰው አላየሁም።»

«አልተበላሸማ! ሰው ወቀሳ ይናፍቃል እንዴ?»

«ፍጹም የሚሠራ አንድ ፈጣሪ ብቻ ነው፣ ኦቦ በርናባስ። እኔ ካልተወቀስኩ አላሻሽልም።»

ኦቦ በርናባስ ሳቁ። ወርቂቱ ቀለበቱን በገዛችበት ቀን እራት ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ሱሪያቸውን አተኩረው አዩ።

«በርናባስ፣ ልብስህ ላይ ያለው ጥቁር ዱቄት የማን ስም ነው?»

«እንግዲህ ጀመርሽ! ልጁ ሥራው እንዲሸጥለት ብዬ ነው። ስሙ ቢቀር ቤቱ ይሙላለት።»

«‹መልካም ስም ከብዙ ባለጠግነት ይሻላል› የሚለውን ከመጽሐፈ ምሳሌ ያነበብክልኝ አንተ አይደለህ? ወይስ እሱንም ፋቅኸው?»

«አንቺ ገበያውን አታውቂውም።»

«ገበያው እንዲህ የሆነው እናንተ አስተምራችሁት ነው» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፤ ሳህኑንም አነሡ።

ክረምቱ ገባ። ጫንያለው ቀለበቱን ሌሎቹን በሚገጥምበት ልማድ፣ ከንፈሩን ወደ ዘይቱ አድርጎ ገጠመው። ፓምፗ ለጥቂት ጊዜ በደንብ ሠራች። ኋላ ጎርፉ ሲደፈርስ ጭቃው ተጠግቶ ገባ፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ በላው፤ ዘንጉ ነክሶ ቆመ። ቦኖው ደረቀ። ሕዝቡ ጄሪካኑን ይዞ ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ቤቱ ልጆች ሆዳቸውን ይይዙ ጀመር። የወርቂቱ ልጅ ሊሊሴ ባሰባት፤ አቅሏን ስታ ነቀምቴ ሆስፒታል ተኛች።

ወርቂቱ ልጇን አስተኝታ፣ መካኒኩን ጫንያለውን አስከትላ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣች። ያን ጊዜ ሞሲሳም ዕቃ ሊያስረክብ እዚያው ቆሞ ነበር። ሰላምታ አልነበረም። የተላጠውን ቀለበት ከነከረጢቱ ባንኮኒው ላይ ወረወረችው።

«ኦርጅናል ያሉኝ ይኸውልዎ! ልጄ ደም ተቅማጥ ይዟት ተኝታለች። መንደሩ ‹ወርቂቱ በገንዘባችን ቆሻሻ ገዝታ መጣች› እያለ ነው።»

«እኔ እንደ ሁልጊዜው ነው የገጠምኩት» አለ ጫንያለው፤ ወላጆቹ ከጎጃም የመጡ ናቸውና ሲቆጣ አነጋገሩ ወደ እነሱ ይሄዳል። «ኧረ በሞቴ፣ ከንፈሩን ወደ ዘይቱ፣ ጀርባውን ወደ ውጭ! ስንት ፓምፕ የጠገንኩ ሰው በዚህ ቀለበት ልዋረድ?»

ሞሲሳ ቀለበቱን አነሣ። ጭቃውን በሸሚዙ ጠርጎ ወደ ብርሃኑ ዞረ። ስሙ በነበረበት ቦታ ላይ አውራ ጣቱን አሳለፈ። ልሙጥ ነው። ቀና ብሎ ኦቦ በርናባስን አንድ ጊዜ አያቸው። አንድ ጊዜ ብቻ።

«ይህች የእኔ ሥራ ናት» አለ።

«የአንተ?» ወርቂቱ ደነገጠች። «የውጭ አልነበረም?»

«የእኔ ናት። ተገልብጣ ነው የተገጠመችው። አገጣጠሟን በደንብ አላስረዳሁም ማለት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። መጥቼ አበጅላችኋለሁ።»

«እንዳትመጣ!» አለች ወርቂቱ። «ለካ የቱምቱ ዕቃ በወርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የተሰጠን! በአንተ መሰርሰሪያ ሁለተኛ ጉድጓድ ልናስቆፍር ልንፈርም ነበር። ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ እኔው ራሴ አስቀረዋለሁ።»

ኦቦ በርናባስ አፋቸውን ከፈቱ። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ገዢዎች ቆመዋል፤ ሁሉም ያያቸዋል። ሰው ሲናገር የማያቋርጡት ሰውዬ፣ መናገር በሚገባቸው ሰዓት ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣበቀ። ወርቂቱና ጫንያለው ወጡ።

«ሞሲሳ፣ ልጄ…» አሉ ሱቁ ባዶ ሲሆን።

«ስሜን ስለፋቁት አልቀየምም» አለ ሞሲሳ ቀስ ብሎ። «እዚያ የተጻፈው ግን ስሜ ብቻ አልነበረም፤ ‹ወደ ውጭ› የሚለውም አብሮ ሄደ። ይኸው ልጅ ታመመች።» ቀለበቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «ሰው ፓተንት የወሰድኩት ልኮራበት ይመስለዋል። እንዴት እንደሚሠራ አንድም ሳልደብቅ ጽፌ ነው የሰጠሁት። ከሥሩ ፈርሜያለሁ፤ ቢጎድል ጠይቁኝ ብዬ። የሠሪ ስም በር ማለት ነው፣ ኦቦ በርናባስ። የተቸገረ ሰው የሚያንኳኳው። እርስዎ በሩን በግንብ ደፈኑት።»

ይህን ብሎ ያመጣውን ካርቶን ሳይወስድ ወጣ። ቢወስደው ይቀላቸው ነበር።

ኦቦ በርናባስ ሆስፒታል ሄደው ከሊሊሴ አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። ልጅቷ ከግሉኮሱ ሥር ሆና ዓይኗን ገለጠችና «አባኮ፣ ውሃ» አለች፤ አባቴ ማለቷ ነው። ነርሷ ብርጭቆ አቀበለቻቸው። ንጹሑን ውሃ ወደ ልጅቷ ከንፈር አስጠጉላት። ጸሎት ጀመሩ፤ መጨረስ ግን አልቻሉም። አንዳንዱ ጸሎት ሄደው ካልሠሩት አያልቅም።

ሐሙስ ሱቃቸውን ዘግተው ሚኒባስ ተሳፈሩ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተሰብስበዋል። የሚመሯቸው ኦቦ ደረሳ የሚባሉ ሽበታም ሰው ናቸው። ሞሲሳም «እንዳትመጣ» ቢባልም የመፍቻ ቦርሳውን ይዞ ከሰዎቹ ኋላ ቁጭ ብሏል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» እያሉ ነበር ኦቦ ደረሳ። «የሩቅ ዕቃ ሠሪው አይታወቅምና ይከበራል። የዚህን ሰው አባት ግን እናውቀዋለን፤ ከሰል ሲያራግብ ነው ያየነው። ከእሱ ቤት የውሃ ጥበብ ከየት ይመጣል?»

«ኦቦ ደረሳ፣ አንድ ነገር ላሳይ» አሉ ኦቦ በርናባስ ከመሐል ገብተው። በሕይወታቸው የሰው ንግግር ሲያቋርጡ ምናልባት የመጀመሪያቸው ነው። ከኪሳቸው ሁለት ቀለበት አወጡ። አንዱን ከፍ አድርገው ለሰዉ አሳዩ፤ ጽሑፉ በግልጽ ይታያል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀታቸውን አውጥተው በሕዝቡ ፊት ፈገፈጉት። ጥቁሩ ዱቄት ሣሩ ላይ ረገፈ። የተፋቀውን እዚያው ለነበረው ለጫንያለው ሰጡት።

«በየትኛው ፊት ትገጥመዋለህ?»

«እንደ ልማዴ ነዋ! ከንፈሩን ወደ ዘይቱ።»

ያልተፋቀውን ሰጡት። «ይኼንንስ?»

ጫንያለው ጮክ ብሎ አነበበ። «ሞሲሳ፣ ነቀምቴ፤ ስሙ ወደ… ውጭ።» ቀለበቱን አዟዙሮ አየ፤ እጁን በጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ኧረ ጉድ! ይኼማ አገጣጠሙን ራሱ ይናገራል! ይህን ባነብ ዓይኔን ጨፍኜም አልስተውም ነበር!»

«ስሙን የፋቅሁት እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ በርናባስ። «አገሬ የሠራውን ስላፈርኩበት በውጭ ከረጢት ከተትኩት። ይህ ሰው ሱቄ ውስጥ ጥፋቴን በራሱ ላይ ሲወስድ ዝም አልኩ። የፓምፑን ማሠሪያ እኔ እችላለሁ። ፍርዳችሁንም እቀበላለሁ። እሱን ግን በእኔ ኃጢአት አትመልሱት።»

ወርቂቱ ወደ ፊት ቀረበች።

«ኦቦ በርናባስ፣ በልጄ ሕመም እርስዎን ልወቅስ መጥቼ ነበር» አለች። «ግን ‹የዚህ አገር ሥራ እንዳይሆን› ያልኩት በገዛ አፌ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን የያዘው የእርስዎ እጅ ነው፤ የገፋው ግን የእኛ ንቀት ነው።»

ኦቦ ደረሳ ዱላቸውን ይዘው ወደ ሞሲሳ ዞሩ።

«የአባትህን ማረሻ ዕድሜዬን ሙሉ አርሼበታለሁ» አሉ። «ከእጁ ስቀበለውም ‹ቱምቱ› እያልኩ ነበር የምጠራው። ማን ነበር ስሙ?»

«ቶላ» አለ ሞሲሳ።

«ቶላ» አሉ ሽማግሌው፤ ደግመውም «ቶላ» አሉ። ከተቀመጡበት ተነሥተው በራሳቸው ወንበር አስቀመጡት።

ፓምፗ የዚያኑ ዕለት ተፈታች። ጫንያለው ከጎኑ ሆኖ እያየ ሞሲሳ አዲሱን ቀለበት ስሙን ወደ ውጭ አድርጎ ገጠመው። ኋላ በሁለተኛው ጉድጓድ ላይ መሰርሰሪያው ቀዩን ጭቃ ወደ ጎን እየመለሰ፣ የዶለዶመ ጥርሱ እየተቀየረለት፣ ሌሎች ቆፋሪዎች ጥለውት የሄዱትን ጥቁር ድንጋይ አልፎ ወረደ። ውሃው መጀመሪያ ደፍርሶ፣ ቆይቶ ጠርቶ ሲፈስ ከፊት ቆማ በእጇ የቀመሰችው ሊሊሴ ነበረች፤ ድና ትምህርቷን ቀጥላለች። ጫንያለውማ አሁን ማንም ሳይጠይቀው ስለ ፍልፈል ሲያስተምር ይውላል።

ወገኖቼ፣ እንግዲህ በየሱቃችንና በየቤታችን ያለችውን ብርጭቆ ወረቀት እንመልከታት። «የሐበሻ ነው» ብለን ስንስቅ እንፍቃለን። የልጃችንን ሥራ በሌላ ስም ስናሞግስም እንፍቃለን። ለሠራ ሰው ሥራው ሲያምር ማመስገን፣ ሲጎድል ደግሞ ሄዶ መውቀስ ይገባል፤ ሁለቱም ስሙን ይሻሉ። የእጅ ወርቅ እንደ መዳብ የሚቆጠርበት አገር ወርቅ አንጣሪ አያሳድግም።

አሁን በኦቦ በርናባስ ሱቅ በር ላይ ሞሲሳ የሠራው ማሳያ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በቅርቡ ከቢላ የመጣ አንድ ባለ ወፍጮ ቀለበቱን እያገላበጠ «ኦርጅናል ነው? ከየት የመጣ ነው?» አላቸው።

«ከስታዲየሙ ጀርባ» አሉ ኦቦ በርናባስ። «ከፈለግህ ባጃጅ እጠራልሃለሁ፤ ሠሪውን ራሱን ታዋራዋለህ።»

ሰውየው ገና ሳይመልስ መብራት ጠፋ። የመንገዱ ሱቆች ማስታወቂያ ሁሉ አንድ ላይ ጨለመ። የእሳቸው ሰሌዳ ግን እንደነበረ ነው። ባለ ወፍጮው ወደ ደጅ ወጥቶ ቀና አለና ቀስ ብሎ አነበበ፤

«ሞሲሳ ቶላ፣ ነቀምቴ።»